የተበሳችው ጠጠር

ቦኤድሮሚዮን ወር፣ ጨረቃ በታየች በአምስተኛው ቀን

እኔ ስሚኩቶስ ነኝ። የፓርኔስ ተራራ ከሰል አክሳይ፣ ዕድሜዬ ሰባ። ፊደል አላውቅም፣ አላፍርበትምም። ፊደል የሚያውቅ ሞኝ ብዙ አይቻለሁ። የምትጽፍልኝ ልጄ ሜሊቴ ናት። ሟች ባሏ የልጆች አስተማሪ ነበር፤ ፊደሉን ያስቆጠራት እሱ ነው። የምትጽፈውም እሱ ትቶት በሄደው የደንገል ጥቅል ጀርባ ላይ ነው። ፊት ለፊቱን ተማሪዎቹ የአማልክትን ስም ሲለማመዱበት ጨርሰውታል። ዜውስ፣ ሄራ፣ ዜውስ፣ ሄራ። አንዱ ባለጌ አህያ ስሎበታል ትለኛለች።

ለምን ማስጻፍ አማረኝ? ትናንት አንድ ሰው በጽሑፍ ሲገደል ስላየሁ ነው። ዘንድሮ አቴና በየመንደሩ ያለው መዝገብ ይጣራ ብላ አዛለች። ስም ይጠራል፣ ጉባኤው በሰውየው ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ በአባትም በእናትም የአገር ልጅ ነው ወይስ አይደለም? አይደለም ከተባለ ይፋቃል። የተፋቀ ሰው እንደ መጻተኛ አንገቱን ደፍቶ መኖር ይችላል። ይግባኝ ብሎ ከተማው ችሎት ፊት ከተረታ ግን ለባርነት ይሸጣል።

ትናንት የተፋቀው የቴሌኒኮስ ልጅ ዴክሲቴዎስ ነው። ሃያ ስምንት ለሃያ ሰባት። እዚያው ቆሞ ይግባኝ አለ።

እኔም ድምፅ ሰጥቻለሁ። ሁለት የነሐስ ጠጠር ይሰጡሃል። ድፍኗ “የኛ ነው” ትላለች፣ መሐሏ የተበሳችው “አይደለም”። ማንም እንዳያይ በሁለት ጣትህ ሸፍነህ ትጥላለህ። የኔ ጣቶች ሃምሳ ዓመት ፍም ነክተዋል፤ ሙት ናቸው። ድፍኗን ጣልኩ ብዬ የተበሳችውን ጣልኩ። ጥፋቱ የጣት ነው። ይህን አድምቀሽ ጻፊ አልኳት።

በስድስተኛው

ከሰል ጉድጓዱ ጢስ ያፈስ ነበር። ሲደፍኑ መዋል። ሌላ የለም።

በዘጠነኛው

መዝገቡን የያዘው የመንደሩ አለቃ ቴርሲፖስ መንገድ ላይ አግኝቶኝ “አባ ከሰል፣ ጥሩ ፈረድክ” አለኝ። ድምፅ በምስጢር ነው፣ ምን ታውቃለህ አልኩት። ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ይህ ሰው የድንበር ድንጋይ በእግሩ እየገፋ የሚሄድ ሰው ነው። አምና ዴክሲቴዎስ ያችኑ ድንጋይ በሰው ፊት ወደ ቦታዋ አስመለሰው። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ብሏል።

ቴርሲፖስ በጉባኤው ያለው እንዲህ ነው። ሕፃን ሲወለድ አባት በአሥረኛው ቀን ደግሶ፣ ልጁን አቅፎ በምድጃው ዙሪያ ካልዞረና ስም ካላወጣለት ልጅ አይደለም። ዴክሲቴዎስ ሲወለድ ግን ቴሌኒኮስ ዘመቻ ላይ ነበር፤ በነሜያ ወንዝ ከስፓርታ ጋር የተዋጋን ጊዜ። “እንግዲህ ማን አቀፈው?” አለ ቴርሲፖስ። “የቤት እመቤቲቱ ልጅ ሞቶባት የትራኪያ ገረዷን ልጅ ነው ያሳደገችው። ድግሱን የበላ ሰው ካለ ይነሳ።”

የተነሳ የለም። በልተው የነበሩት ሞተዋል።

ዴክሲቴዎስ ወደ እኔ አየ። ለምን ወደ እኔ እንዳየ አላውቅም።

በአሥራ ሁለተኛው

ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ተራ ስጠብቅ ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። “የስሚኩቶስ ጣት ገበያ ላይ የበሰበሰችውን ወይራ ከእንስራ ሥር ትለቅማለች” ይላል አንዱ። “ጉባኤ ስትደርስ ነው የምትሞተው” ይላል ሌላው። ያን ቀን ጠጠር ስቀበል ጣቴ ሙት ነው ስል ሰምተውኛል። ሳቁ። ጸጉሬን ሳልቆረጥ ወጣሁ።

ያችን ጠጠር የጣልኩት እኔ ባልሆን ሃያ ስምንት ለሃያ ሰባት ይገለበጥ ነበር። ስንት ጊዜ ብቆጥረው ያው ነው።

በአሥራ አምስተኛው

ዴክሲቴዎስ መጣ። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጺሙ ሸብቷል። አንድ ቅርጫት የበለስ እሸት ይዞ ነበር። በለስ እንደማልበላ፣ ሆዴን እንደሚነፋኝ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ለሜሊቴ ነው አለ።

ተቀመጠ።

“ጋሼ” አለኝ፣ “ችሎቱ በማይማክቴሪዮን ወር ነው። ያን ቀን አባቴ ቤት እንደነበረ የሚያውቅ አንድ ሰው በሕይወት አለ።”

“ማነው?” አልኩት።

አየኝ። ቀጥሎ ቀና ብሎ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ጋሻ አየ።

“አባቴ ሊሞት ሲል እጄን ምድጃው ላይ አስይዞ አስምሎኛል። እኔ የማልናገረው ነገር አለ፤ ቢሸጡኝም አልናገርም። እርስዎን ግን ማንም አላስማለዎትም።”

“እኔ ያን ቀን ከሠራዊቱ ጋር ነበርኩ” አልኩት።

“እሺ ጋሼ” ብሎ ተነሳ። በር ላይ ሜሊቴን በለሱ ቶሎ ይበላሻል፣ ዛሬውኑ ብዪው አላት።

ይህን አትጻፊ አልኳት። ብዕሩ ሲጫጭር ግን ሰማሁ።

በአሥራ ስድስተኛው

ዝናብ። ከሠራዊቱ ጋር ነበርኩ። ሰው ሁሉ ያውቃል። ጋሻዬ ይመስክር።

በሃያኛው

ሜሊቴ የሸክላ ዶቃ ትሠራለች፣ ለገበያ። ከፊሎቹ ተበስተዋል፣ ከፊሎቹ ገና ናቸው፤ ተቀላቅለውባት ይለዩልኝ አለችኝ። ስለ ጉድጓዱ ጢስ እያወራሁላት፣ ዓይኔ በሩ ላይ እንዳለ፣ እጄን ከቅርጫቱ ከትቼ የተበሱትን በቀኝ ያልተበሱትን በግራ አስቀመጥኩላት። ስጨርስ ሁለቱንም ክምር አየችና፦

“አባባ፣ አንዷንም አልሳቱም” አለች።

ቁጣዬ መጣ። ምን እንዳልኳት ራሷ ታውቃለች፤ አትጽፈውም።

በሃያ ስድስተኛው

ስድስት ቀን አላስጻፍኩም። እሷም አልጠየቀችኝም። እራት ታቀርባለች፣ ዶቃዋን ትሰካለች፣ ዝም። እናቷም እንዲህ ነበረች። ሴት ልጅ ስትጮህ ይሻላል።

እንግዲህ ጻፊ። የተበሳችውን የጣልኳት አውቄ ነው። በጣቴ መካከል ቀዳዳዋን ዳስሼ፣ ይቺ ናት ብዬ። ወደ እኔ ስላየ ነው። በሕዝብ ፊት፣ እንደ ባለዕዳ። መዝገቡ ላይ ካለ በየጉባኤው፣ በየመሥዋዕቱ ያየኛል። ከተፋቀ ግን ሌላ አገር ይሄዳል፣ ዓይኑም ይሄዳል አልኩ። ይግባኝ ይላል ብዬ አላሰብኩም። ራሱን ለሽያጭ ያቀርባል ብዬ አላሰብኩም።

ልጄ ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ አላየችኝም። አመሰገንኳት በልቤ።

ፒያኖፕሲዮን ወር፣ በሁለተኛው ቀን

የቀረውንም ልበለው። የተከፈተ ቁስል ነው፣ መግሉ ይውጣ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጋሻና ጦር ስንቀበል የምንምለው መሐላ አለ፤ የጦር ዕቃዬን አላዋርድም፣ ከጎኔ የቆመውን አልተውም የሚል። ምስክር የሚጠሩት አማልክትን ብቻ አይደለም፤ የአገሩን ድንበር፣ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ በለሱን ነው።

በነሜያ ስፓርታዎች በጎን ዞሩብን። እግሬ ከእኔ በፊት ወሰነ። ጋሻ ይዞ መሮጥ አይቻልም፤ ጣልኩት። ቴሌኒኮስ ከጎኔ ነበር፣ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ሊመልሰኝ ተከትሎኝ መጣ፤ ወደ ኋላ ቢያይ መስመሩ የለም። ቆሮንቶስ ስንደርስ በራቸውን ዘግተው ጠበቁን። የገዛ ወዳጆቻችን። ስለዚህ በተራራ በተራራ ወደ አገራችን ሄድን። እሱ ጋሻውን ተሸክሞ፣ እኔ ባዶ እጄን።

ቤቱ የገባነው ሚስቱ በወለደች በአሥረኛው ቀን ነው። በሩን ዘግቶ ሕፃኑን አቀፈ፤ በምድጃው ዙሪያ ሲዞር እኔ ችቦ ያዝኩለት። በገዛ አባቱ ስም ዴክሲቴዎስ አለው። በማር የታሸ የሰሊጥ ቂጣ በላን፣ የበለስ እሸትም ነበር። እኔ፣ እሱ፣ ሚስቱ፣ አማቱ፣ አዋላጇ። ዛሬ ከአምስቱ እኔ ነኝ ያለሁት።

ከዚያ ሠራዊቱ እስኪመለስ የኔ ከሰል ጉድጓድ ዘንድ ተደበቅን። ለመቀላቀል በወረድን ለት ቴሌኒኮስ ጋሻውን አውልቆ ሰጠኝ። “አንተ ገና ሚስት አላገባህም” አለኝ፣ “ለጋሻ ጣይ ልጁን የሚሰጥ የለም። እኔ የሚያስፈልገኝን አግኝቻለሁ።” እንዳይታወቅ የጋሻውን ፊት ዝፍት ቀባነው።

እኔ በጋሻ ገባሁ፣ እሱ ያለ ጋሻ። ሰው ሲጠይቀው ወንዝ ወሰደው ይል ነበር። የከሰሰው የለም፤ ያን ቀን ብዙ ጋሻ ነው የጠፋው። ልጆች ግን ከኋላው ድንጋይ እየወረወሩ ይዘፍኑበት ነበር። በጉባኤ ዳግም አፉን አልከፈተም። እኔ በየበዓሉ እስከ መጨረሻው የቆምኩት እኔ ነኝ እያልኩ ወይን ጠጣሁ። አግብቻለሁ፣ ወልጄአለሁ፣ አንቺን።

ከመሐላዬ ምስክሮች ገብስን ካልበላሁ እሞታለሁ፣ ስለዚህ ገብሱን ችዬዋለሁ። በለስን ግን ያን ቀን በላሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም።

በሦስተኛው

ሜሊቴ ጠዋት ጋሻውን ከግድግዳው አወረደችው። አትንኪ ብዬ ያሳደግኳት ልጅ፣ ሳትጠይቀኝ። ገልብጣ በጉልበቷ ላይ አደረገችውና የውስጥ ማንገቻው ሥር ጣቷን አኖረች።

“አባባ፣ እዚህ ስም ተቀርጿል።”

“የማን ስም?”

“ቴሌኒኮስ፣ የዴክሲቴዎስ ልጅ ይላል። የመንደሩም ስም አለበት።”

ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው አልኳት። ፊደል ከቆጠርኩ ጀምሮ አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት።

ባልሽስ አልኳት። ያነበበልኝ እሱ ነው አለች።

ያ ሰው፣ ነፍሱን ይማርና፣ እዚህ ማዕድ ላይ ከጋሻው ሥር ተቀምጦ “እስቲ አባባ የነሜያውን ይንገሩን” ይለኝ ነበር። እኔም እነግረው ነበር፣ በእጄ ጦር እየሰበቅኩ። አንድ ቀን አልሳቀም። ወይኑን ይቀዳልኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለኔ ግድግዳዬም ባዳ ኖሯል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። አልተከፈተችም። ከሰል ማውጣት ነበረብኝ፣ ሄድኩ።

በስምንተኛው

በችሎት አሁን ምስክር በቃሉ አይናገርም። ቃሉ አስቀድሞ ተጽፎ በእንስራ ይታሸጋል፤ በዕለቱ ጸሐፊው ያነበዋል፤ አንተ ከፍ ካለው ቦታ ቆመህ “አዎ፣ ቃሌ ነው” ትላለህ። ወይም የመሐላው ድንጋይ ላይ ወጥተህ አላውቅም ብለህ ትምላለህ።

ሜሊቴን በሌላ ብጣሽ ደንገል ላይ እንዲህ አስጻፍኳት፦ በአሥረኛው ቀን ቴሌኒኮስ ቤቱ ነበር፣ ልጁን ሲያቅፍ አይቻለሁ። ይበቃል አልኳት። እሷም ቴርሲፖስ አንተ እንዴት አየህ ቢልስ አለች። ይበል አልኳት።

ብጣሹን ዴክሲቴዎስ ቤት ራሷ አደረሰችው። ምን አለ? አንብቦ፣ አጣጥፎ መልሶ ሰጠኝ አለች። “ይህ ጋሼን ያዋርዳል፣ እኔንም አያድንም። ካልሆነ ይቅር” ብሏል።

ሊሸጥ ነው እንግዲህ። ስለ እኔ ክብር ተጨንቆ ሊሸጥ ነው።

በአሥራ አንደኛው

የአፓቱሪያ በዓል። ወገን ሁሉ ተሰብስቦ የዓመቱን ሕፃናት የሚያስመዘግብበት። ዴክሲቴዎስ የልጅ ልጅ ነበረው፣ ይዞ መጣ፣ የተፋቀ ነህ ብለው ከመሠዊያው መለሱት። ሕፃኑን በካባው ሸፍኖ በሰው መካከል አለፈ። ለመሥዋዕት ያመጣው በግ ከኋላው ይጎተታል፣ የሚያርደው አጥቶ።

ይህ በዓል የጥንቱ ንጉሣችን ጠላቱን “ከኋላህ ሰው አለ” ብሎ አታልሎ፣ ዞር ሲል የወጋበት ነው ይላሉ። እንግዲህ በማታለል ቀን የኔን የመሰለ ሰው ከፊት ወንበር ቢቀመጥ ምን ይገርማል። ከፊት ተቀምጬ ነበር። ሥጋውን አልበላሁም።

በአሥራ ሦስተኛው

አዲስ የምስክር ቃል ጻፊ አልኳት። ሁሉንም። ጋሻውንም፣ ቆሮንቶስንም፣ ችቦውንም።

ጻፈች። አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች። በልጅ አፍ መስማት ከባድ ነው። ድጋሚ አንብቢልኝ አልኳት። ከዚያ ለችሎቱ ጸሐፊ ስጪው፣ እንስራው ውስጥ ይታሸግ አልኳት።

ማይማክቴሪዮን ወር፣ በአራተኛው ቀን

ችሎት ነገ ነው። ጋሻውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ሜሊቴ ለመንገድ ቂጣና ሽንኩርት ቋጠረችልኝ። ሌላ የምለው የለም። ፈርቻለሁ። እሱንም ጻፊው።

በሰባተኛው

ተመለስኩ። በተራ ልንገር።

አምስት መቶ ዳኛ። የተናጋሪውን ጊዜ የሚለካው የውሃ ሰዓት ይንጠባጠባል። ቴርሲፖስ ቀድሞ ተናገረ፣ አፉ እንደ ማር ነው። “ያን ቀን ቤቱ ነበርኩ የሚል ምስክር ቢመጣ፣ ከጦር ሜዳ ሸሽቻለሁ ማለቱ ነው” አለ። “እንዲህ ያለ ሰው በመንደራችን የለም። ስሚኩቶስን ታውቁታላችሁ፣ እስከ መጨረሻው የቆመ ነው።” በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። በገዛ ውሸቴ አጠረኝ።

ዴክሲቴዎስ ጥቂት ተናገረ፣ መሐላውንም ጠበቀ። ከዚያ ጸሐፊው የኔን ቃል ከፈተ። ድምፁ ወፍራም ነው። “ጋሻዬን ጣልኩ” የሚለው ላይ ሲደርስ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ቃልህ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። አልተሰማም፣ ድገም አሉኝ። አዎ፣ ቃሌ ነው።

ብርድ ልብሱን ፈትቼ ጋሻውን ገልብጬ ያዝኩት። ጸሐፊው ቀርቦ ስሙን አነበበ፣ የቴሌኒኮስን፣ የአባቱን፣ የመንደሩን። ሳቁ ያኔ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ዳኛ ከኋላ “ስለ ራሱ እንዲህ የሚዋሽ የለም” ሲል ሰማሁ።

በብዙ ድምፅ ወደ መዝገቡ መለሱት። ዴክሲቴዎስ የቴሌኒኮስ ልጅ ነው፤ አቴናዊ ነው።

ከከተማው ስንወጣ ደረሰብኝ። “ጋሼ፣ ልሸከምልዎት?” አለ።

“የአባትህ ነው” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለና በትከሻው ያዘው። ብዙ መንገድ ጎን ለጎን ሄድን። ፀሐይዋ ለጀርባ ጥሩ ነበረች። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ሰላም ነበር፣ ወዳጆች ሆነን እንገባ ነበር። ግን መንገዱ ሲቀና ተናገርኩ።

“በጉባኤው ከሃያ ስምንቱ አንዱ እኔ ነኝ። የተበሳችውን ጥያለሁ። አውቄ።”

ቆመ። ጋሻውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረው።

“ይሄን ባይነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር” አለ።

ቀድሞኝ ሄደ። እርምጃው የአባቱ ነው። እኔ ሽንኩርቴን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በላሁ።

በአሥራ አራተኛው

ጉባኤ ነበር። ጋሻ የጣለ ሰው በጉባኤ እንዳይናገር ሕግ ይከለክላል፤ ቴርሲፖስ አነበበው፣ ደስ እያለው። ማንም አልተቃወመም፣ እኔም። የፊት ወንበሬን ለቅቄ ጉባኤውን ከሚከልለው ገመድ ወዲያ፣ ከመጻተኞች ጋር ቆምኩ። አንድ ሶርያዊ ሽንብራ ሻጭ ቦታ ለቀቀልኝ። “አባባ፣ ከዚህ ሆኖም ይሰማል” አለኝ።

ልጆች ዘፈን አውጥተዋል። የድሮውን ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የቀየሩት።

በሃያ አንደኛው

ሜሊቴን ጥቅሉን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አልኳት። አትጻፊ ያልኩትን ሁሉ ጽፋዋለች። ይሰረዝ ወይ አለችኝ። ይቀመጥ አልኳት። ጋሻው የነበረበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጭ ክብ ሆኖ ቀርቷል፣ ዙሪያው ጥቀርሻ። በኖራ ልቀባው አለች። እሱም ይቀመጥ።

በሃያ ዘጠነኛው፣ ጨረቃዋ ልትጠፋ ስትል

ጠዋት በር ስከፍት ከመቀርቀሪያው ላይ አንድ ዘለላ የደረቀ በለስ በገመድ ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ማን እንደሰቀለው አልጠየቅኩም። ሜሊቴም እኔ አይደለሁም አለች።

ብዙ ቆሜ አየሁት። ከዚያ አንዷን አወጣሁ። ሙት ናቸው ባልኳቸው ጣቶች አንገቷን ፈልጌ ቆረጥኩ። በላኋት። ሌላ አንድ ጨመርኩ።

አርባ ስምንት ዓመት ሆዴን ይነፋኛል ስል ኖሬያለሁ። እስከ ማታ ጠበቅኩ። አልነፋኝም።